አንቀጽ 2-201፦ ሰማንያ በሜሪላንድ

የሜሪላንድ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 2-201 አጭር ናት። በ1973 የወጣው ሕግ ቃሉ ይህ ነበር፦ በዚህ ስቴት የሚጸናው በወንድና በሴት መካከል የሚደረግ ጋብቻ ብቻ ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህን በግልጽ በሕግ ያሰፈረች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ስቴት ሜሪላንድ ነበረች። ዛሬ ያቺው አንቀጽ የምትለው ግን እንዲህ ነው፦ በዚህ ስቴት የሚጸናው እንዳይጋቡ በሌላ ምክንያት ባልተከለከሉ ሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ጋብቻ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች በሜሪላንድ መጋባት የቻሉት በዚህ ለውጥ ነው።

የተለወጠው ጥቂት ቃል ነው። «በሌላ ምክንያት ባልተከለከሉ» የምትለዋ ሐረግ ግን ብዙ ትሸከማለች። የሥጋ ዝምድና ክልከላው እንዳለ ነው፤ ዕድሜም እንዳለ ነው፤ ያልፈረሰ ትዳር ያለው ሰው ሌላ ማግባት አለመቻሉም እንዳለ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ «እንግዲህ ማንም ከማንም ይጋባ ተባለ» ሲባል የሰማ ሰው ያቺን ሐረግ ቢያነብ መልሱን እዚያው ያገኘዋል።

ለውጡን ያመጣው የ2012ቱ ሕግ ስም «የሲቪል ጋብቻ ጥበቃ ሕግ» ነው። ይህን ለማስረዳት አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ብዙዎቻችን ግን በክርክሩ ጊዜ አልተጠቀምንበትም። አያቶቻችን ቁርባንን ከሰማንያ ለይተው ያውቁ ነበር። ቁርባኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማን ይቁረብ ማን አይቁረብ የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው። ሰማንያው በሽማግሌ ፊት የሚታሰር፣ ንብረት የሚቆጠርበት፣ ካልሆነም የሚፈታ ውል ነው። ሜሪላንድ የነካችው ሰማንያውን ብቻ ነው። በኅዳር 2012 ለመራጩ የቀረበው ጥያቄ ቁጥር 6 ራሱ ይህን ነበር የሚለው፦ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች የሲቪል ጋብቻ ፈቃድ ማግኘት ይችላሉ፤ የሃይማኖት አገልጋይ ከእምነቱ ውጪ ሥርዓተ ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም፤ እያንዳንዱ እምነት ማን በእምነቱ ሥርዓት ይጋባ የሚለውን ራሱ ይወስናል፤ የሃይማኖት ድርጅቶችም ከሠርግ ጋር ለተያያዘ ነገር አዳራሽም ሆነ አገልግሎት እንዲሰጡ አይገደዱም። ከአራቱ ሐሳቦች ሦስቱ ቤተ እምነቶችን የሚጠብቁ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በዚህ ሕግ ምክንያት አንድም ሥርዓቱን አልለወጠም፤ እንዲለውጥም የሚጠይቀው የለም።

እዚህ ለመድረስ የተሄደው መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2004 ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ዘጠኝ ጥንዶችና አጋሩ የሞተበት አንድ ሰው የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጡትን የካውንቲ ፍርድ ቤት ጸሐፊዎች (ክለርኮች) ከሰሱ። የባልቲሞር ሰርክዊት ፍርድ ቤት በጥር 2006 ፈረደላቸው፤ የ1973ቱ ሕግ የስቴቱ ሕገ መንግሥት በፆታ መለየትን የከለከለበትን አንቀጽ ይጥሳል አለ። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በመስከረም 2007 በ4 ለ3 ድምፅ ሻረው፤ ጉዳዩ የሕግ አውጪው ነው ብሎ መለሰው። በ2011 ጋብቻውን የሚፈቅድ ረቂቅ ሴኔቱን 25 ለ21 አልፎ የተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ ድምፅ ሳይሰጥበት ወደ ኮሚቴ ተመለሰ። በ2012 እንደገና ቀረበ። ከ141 አባላት 71 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 72 ለ67 ሆነ። ሴኔቱ 25 ለ22 አጸደቀው። ካቶሊኩ ገዢ ማርቲን ኦማሊ መጋቢት 1 ቀን ፈረሙበት።

የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የወጣን ሕግ ፊርማ አሰባስቦ ወደ ምርጫ ሣጥን እንዲወስድ ይፈቅዳል። ተቃዋሚዎች ከ55,700 በላይ ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ከመቶ ሺህ በላይ አቀረቡ። በኅዳር 6 ቀን 1,373,504 ሰው ደገፈ፣ 1,246,045 ሰው ተቃወመ። 52.4 በመቶ ለ47.6 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ በየስቴቱ በቀረበ የዚህ ዓይነት ምርጫ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ደጋፊዎች በተደጋጋሚ ይሸነፉ ነበር፤ በዚያች ዕለት ሜሪላንድ፣ ሜይንና ዋሽንግተን ስቴት በአንድ ቀን አሸነፉ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዳኛ ያመጣው ቢሆን ኖሮ ዛሬም «ከላይ ተጫነብን» ይባል ነበር። ጎረቤት ለጎረቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ግን ክብደቱ ሌላ ነው።

ሕጉ የጸናው ጥር 1 ቀን 2013 ነው። ክለርኮች ግን ከታኅሣሥ 6 ጀምሮ የሚጸናበት ቀን ጥር 1 የሚል ፈቃድ መስጠት ይችላሉ ተባለ፤ ስለዚህ በዘመን መለወጫ ሌሊት ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የተጋቡ ነበሩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ፈቃዱ የሚወጣው ሥርዓቱ ከሚፈጸምበት ካውንቲ ሰርክዊት ፍርድ ቤት ክለርክ ነው። መኖሪያ ቦታ አይታይም፤ የሚታየው ሠርጉ የት ነው የሚለው ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ የሚኖሩ ጥንዶች ሮክቪል ሄደው ፈቃድ አውጥተው ሠርጉን ፕሪንስ ጆርጅስ ውስጥ ባለ አዳራሽ ቢያደርጉት ፈቃዱ ለዚያ ቦታ አይሆንም፤ የፕሪንስ ጆርጅስ ፍርድ ቤት ወዳለበት ወደ አፐር ማርልቦሮ መሄድ ነበረባቸው። ፈቃዱ የሚሠራው ከወጣ በሁለተኛው ቀን፣ በሀበሻ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው። ዳኛ በቂ ምክንያት ካገኘ ይህን ቆይታ ሊያነሣው ይችላል። ስድስት ወር ካለፈው ይሞታል፤ እንደገና ማመልከት ነው። የደም ምርመራ የለም። ምስክርም አያስፈልግም። እኛ ግን ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር የሚጠይቅ የቤተሰብ ሕግ ካለበት አገር ስለመጣን አራት ሰው ይዘን እንሄዳለን። ክፋት የለውም፤ ይመረቁበት። ያጋባው የሃይማኖት ሰው፣ ዳኛ ወይም ክለርክ ፈርሞ በአምስት ቀን ውስጥ ወረቀቱን ወደ ክለርኩ ቢሮ መመለስ አለበት። ከሠርጉ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወረቀቱ መድረሱን ማረጋገጥና የተረጋገጠ ቅጂ ሦስት አራት ማውጣት ጥሩ ነው፤ ኢንሹራንሱም ሶሻል ሴኪዩሪቲውም ኢሚግሬሽኑም ይጠይቃሉ።

ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የለም፣ የሥራ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መካከለኛ ስም ሆኗል። ፈቃዱ ላይ የሚሰፍረው ስም በኋላ ለሚጠቅመው ሰነድ የሚስማማው እንዲሆን ከመፈረም በፊት ማየት ነው። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ሌላ ደጅ መጥናት ያስከትላል።

ቀድመው ዋሽንግተን ዲሲ የተጋቡ ብዙ ጥንዶች ነበሩ፤ ዲሲ ከመጋቢት 2010 ጀምሮ ፈቃድ ትሰጥ ነበር። የሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ዳግላስ ጋንስለር በየካቲት 2010 ሜሪላንድ የሌላ ቦታ ጋብቻን ልትቀበል ትችላለች የሚል አስተያየት ሰጥተው ስለነበር እነዚህ ጥንዶች እንደገና መጋባት አያስፈልጋቸውም ነበር። «ለማንኛውም» ብለው በ2013 ደግመው የፈረሙ ሁለት የጋብቻ ቀን ይዘው ቀሩ። ይህ ቀላል ይመስላል። ግን ሶሻል ሴኪዩሪቲ ለሟች የትዳር ጓደኛ ጥቅም የዘጠኝ ወር ትዳር፣ ለተፋታ ደግሞ የአሥር ዓመት ትዳር ይቆጥራል፤ ማመልከቻ ላይ የኋለኛውን ቀን የጻፈ ሰው በገዛ እጁ ዓመታት ቀነሰ ማለት ነው። የሚቆጠረው የመጀመሪያው ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር የቤቱ ሰነድ ነው፤ ዲድ የሚሉት። ሁለቱ ከመጋባታቸው በፊት ቤት በጋራ ገዝተዋል እንበል። ሰነዱ ላይ «በመተካካት መብት የጋራ ባለቤቶች» ይላል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይወስዳል። ጥሩ ነው። ሜሪላንድ ግን ለተጋቡ ሰዎች ብቻ የሚሆን የተሻለ የባለቤትነት ዓይነት አላት። በዚያኛው ቤቱ የሁለቱ እንደ አንድ አካል ነው፤ የአንዳቸው የግል ገንዘብ ጠያቂ መጥቶ የእሱን ድርሻ ብቻ ልውሰድ ማለት አይችልም። የሆስፒታል ዕዳ፣ የንግድ ኪሳራ፣ የመኪና አደጋ ክስ የደረሰበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስሕተቱ ምንድን ነው? መጋባት ብቻውን አሮጌውን ዲድ አይለውጠውም። ከጋብቻ በኋላ የተገዛ ቤት እንደ ተጋቢዎች ይዞታ ይገመታል፤ ቀድሞ የተገዛው ግን ሁለቱ ከራሳቸው ለራሳቸው «እንደ ተጋቢዎች» ብለው አዲስ ዲድ ፈርመው በካውንቲው ካላስመዘገቡት እንዳለ ይቀመጣል። አንድ ወረቀት ነው፣ ጠበቃ ያዘጋጀዋል። ዓመታት ሙሉ ሳይሠራ የሚቀረው ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ውርስም እንዲሁ። ሜሪላንድ ለባዳ በሚተላለፍ ውርስ ላይ 10 በመቶ ታስከፍላለች፤ የትዳር ጓደኛ ነፃ ነው። ከጋብቻው ሕግ በፊት አብሮ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው በሕግ ፊት ባዳ ነበር፤ በ2009 አብረው በጋራ የያዙት መኖሪያ ቤት ብቻ ነፃ ወጣለት። ዛሬ ለተጋባ ሰው ይህ ሥጋት ቀርቷል። ነገር ግን «ተጋብተናል፣ ኑዛዜ አያስፈልገንም» የሚሉ አሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ያለ ኑዛዜ ሲሞት፣ ወላጁ በሕይወት ካለና ትዳሩ አምስት ዓመት ካልሞላ፣ የትዳር ጓደኛው የሚያገኘው የመጀመሪያውን 40,000 ዶላርና የቀረውን እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ የወላጆቹ ነው። ቤተሰቡ ዓይንህን ለአፈር ብሎ ለተለየው ሰው ይህ ምን እንደሚያመጣ ማሰብ አያስቸግርም፤ ለቅሶ እንኳ ያልደረሰ አባት የባንክ ሒሳቡን እኩሌታ ይካፈላል። ሁለት ምስክር ያለበት ቀላል ኑዛዜ ይህን ሁሉ ይዘጋል። ከኑዛዜው ጋር የሕክምና ውሳኔ ውክልናም ይጻፍ፤ ከስቴቱ ሲወጡ የሚከራከር ሰው ቢገጥም የሚታየው እሱ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ግምት አይደለም፤ ሆኗል። ከጥር 2013 እስከ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ድረስ ቨርጂኒያ የሜሪላንድን ጋብቻ አትቀበልም ነበር። ከፕሪንስ ጆርጅስ ተነሥቶ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ሰው ጧት ባለትዳር ሆኖ ከቤቱ ይወጣል፣ ከፖቶማክ ማዶ በስቴቱ ሕግ ላጤ ነው፣ ማታ ተመልሶ ባለትዳር ይሆናል። የፌዴራሉ መንግሥትም እስከ ሰኔ 26 ቀን 2013 ድረስ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዊንድሰር ፍርድ እስኪመጣ፣ አይቆጥረውም ነበር። አሠሪው ለትዳር ጓደኛ የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ ለሌላው ባለትዳር ከታክስ ነፃ ሲሆን ለእነዚህ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ፌዴራል ታክስ ይቆረጥበት ነበር። በሰኔ 2015 የዚያው ፍርድ ቤት የኦበርገፌል ፍርድ ሃምሳውንም ስቴት ጋብቻውን እንዲቀበሉ እስኪያስገድድ ድረስ አንድ ስቴት የሰጠችው መብት የሚያደርሰው እስከ ድንበሯ ነበር።

ልጅ ያለበት ቤት ላይ ከሁሉም የበለጠ መጠንቀቅ ያሻል። በትዳር ውስጥ ለተወለደ ልጅ ሁለቱም ተጋቢዎች ወላጅ ተብለው ይገመታሉ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይም ሁለት ስም ይሰፍራል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። የልደት ወረቀት ግን መዝገብ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሌላ ስቴት ወይም ሌላ አገር ሄዶ «እርስዎ ወላጅ አይደሉም» የሚል ሰው ሲነሣ የሚጸናው የፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ነው፤ በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላባማ ከጆርጂያ የመጣን እንዲህ ያለ ጉዲፈቻ እንድትቀበል አስገድዷታል። የገዛ ልጅን በጉዲፈቻ መውሰድ ይከነክናል፤ ክብርን ይነካል። ቢሆንም ይሠራ። ያልተሠራ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ የኮኖቨር ጉዳይ አሳይቷል፦ ልጁ የተወለደው እናቶቹ ከመጋባታቸው ጥቂት ወራት በፊት ነበር፣ ጉዲፈቻ አልተሠራም፣ ሲፋቱ ያልወለደችው እናት በሥር ፍርድ ቤት ሦስተኛ ወገን ተባለች። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2016 የቀድሞ ውሳኔውን ሽሮ «በተግባር ወላጅ» የሚለውን መብት ተቀበለ። ለዚያ አራት ነገር መረጋገጥ አለበት፤ ሕጋዊው ወላጅ ያንን ግንኙነት ፈቅዶና ረድቶ እንደነበር፣ ከልጁ ጋር በአንድ ቤት መኖራቸው፣ ያለ ክፍያ የወላጅን ኃላፊነት መወጣት፣ እና ልጁ እንደ ወላጅ እስኪያያቸው ድረስ መቆየቱ። አራቱን ለማረጋገጥ የሚወጣው የጠበቃ ወጪና የሚያልፈው የልጅነት ዕድሜ ከአንድ የጉዲፈቻ ማመልከቻ ጋር አይወዳደርም።

ሰማንያ የሚፈታ ነው ብያለሁ። የመፋታት መብት እንዲያውም ከሕዝበ ውሳኔው ቀድሞ ነው የተረጋገጠው። ካሊፎርኒያ በ2008 የተጋቡ ሁለት ሴቶች ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ፍቺ ሲጠይቁ ተከልክለው ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በግንቦት 2012 በሙሉ ድምፅ ይፋቱ አለ። ለመጋባት ሜሪላንድ መኖር አያስፈልግም፤ ለመፋታት ግን ያስፈልጋል። የፍቺው ምክንያት ከስቴቱ ውጪ የተፈጠረ ከሆነ አንዳቸው ቢያንስ ስድስት ወር የኖሩ መሆን አለባቸው። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ መጥተው ተጋብተው የተመለሱ ጥንዶች ቢጣሉ፣ የሚኖሩበት አገር ትዳራቸውን ስለማያውቅ ፍቺያቸውንም አያውቅም። ሌላ ሰው ማግባት ቢፈልጉ ደግሞ «በሌላ ምክንያት ያልተከለከሉ» አይደሉም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት በኢሚግሬሽን ይጀምራል። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጋብቻውን የሚመዝነው በተፈጸመበት ቦታ ሕግ ነው። ሜሪላንድ የጸና ጋብቻ ለግሪን ካርድ ማመልከቻው ይበቃል፤ ጥንዶቹ ከየት እንደመጡ አይታይም። ዲቪ የሞላ ሰውም በዚያን ጊዜ በሕግ ያገባ ከሆነ፣ የትም ይጋባ፣ የትዳር ጓደኛውን መጻፍ አለበት፤ ደብቆ አለመጻፍ ዕድሉን ያበላሻል። የሚከብደው ማስረጃው ነው። ቃለ መጠይቅ አድራጊው የጋራ ባንክ፣ የጋራ ኪራይ ውል፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የዓመታት መልእክት ይፈልጋል። የኖሩት ተደብቀው ለሆነ ጥንዶች ፎቶው አልተነሣም፣ መልእክቱ ተሰርዟል፣ የኪራይ ውሉ በአንድ ሰው ስም ነው። ይህ ሲሆን መደበቁን ራሱ በቃለ መሐላ ጽሑፍ ማስረዳትና የሚያውቋቸው ሰዎች በጽሑፍ እንዲመሰክሩ ማድረግ ይቻላል። ምክንያቱን ሳይገልጹ ባዶ ፋይል ማስገባት ግን ጥርጣሬ ይጠራል።

አገር ቤት ደግሞ ይህ ጋብቻ ወረቀት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ የሚያውቀው የወንድና የሴት ትዳር ነው፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። አዲስ አበባ ንብረት ያለው ሰው የሜሪላንድ የትዳር ጓደኛው በባልነት ወይም በሚስትነት እንደማይወርሰው ማወቅ አለበት። ኑዛዜ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በስም ይጠራል እንጂ የትዳር ማረጋገጫ አይጠይቅም፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ ሥርዓት የተጻፈ የተለየ ኑዛዜ ያስፈልጋል፣ እሱም ላይ ስለ ትዳሩ አንድም ቃል ባይሰፍር ይሻላል። ለእረፍት ወይም ለለቅሶ የሚሄድ ሰው የምስክር ወረቀቱን ቅጂ በሻንጣውም በስልኩም አይያዝ። ዋናው ሲልቨር ስፕሪንግ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ አንዱ የተረጋገጠ ቅጂ ከኑዛዜውና ከውክልናው ጋር ጠበቃው ዘንድ ይሁን፤ እዚህ የቀረው ሰውም ስልኩን ሌሊት ሌሊት ክፍት አድርጎ ይጠብቅ።